ስካር ነው ወይስ ስኳር?

ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛችንን ለመጠየቅ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደን ሳለን፥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት ጸሐፊ ላብ አጥምቆት፥ እጁ እየተንቀጠቀጠ፥ የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን ሲመልስ አየን። የክፍሉ ሹም «ይኸ ሰው ምሳውን ጠጥቶ መጣ» ብለው ተቈጡ። አንዱ ደግሞ ጠበል ይሻለዋል አለ። እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ አሳባችን ከሹሙ ጋር ነበር። ሻይ የሚያቀርቡት እናት ግን ጠጋ ብለው አዩትና «ልጆቼ፥ ስካር አይደለም፤ ስኳሩ ወርዶበት ነው፤ ወንድሜንም እንዲህ ያደርገዋል» ብለው ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጡት። ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ቈየ ልጁ ቀና ብሎ «ምን ሆኜ ነው?» ሲል ጠየቀ። ለካስ ጧት በአንድ ሰዓት ኢንሱሊኑን ተወግቶ፥ ስብሰባው ስለ ረዘመ ምሳውን ሳይበላ ቀርቶ ኖሯል።

ነገሩ ስላሳፈረን የመድኃኒቱን ጠባይ ለመረዳት ሞከርን።

ኢንሱሊን ቆሽት የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲሆን፥ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። እ. ኤ. አ. በ1921 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ረዳቱ ቻርልስ ቤስት ከውሻ ቆሽት አወጡት። በጃንዋሪ 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ፤ የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም አልረዳውም፤ ጄምስ ኮሊፕ ካጠራው በኋላ የተሰጠው ግን ስኳሩን አወረደለት፤ ልጁም ከዚያ ወዲያ 13 ዓመት ኖረ።

ታዲያ ኢንሱሊን ሁሉ አንድ አይደለም። «ረጉላር» የሚባለው እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ሥራ ይጀምርና በ2ኛውና በ4ኛው ሰዓት መካከል ይበረታል። «ኤን ፒ ኤች» ግን ደፍራሳ ነው፤ ፕሮታሚን የሚባል ነገር ስለ ተጨመረበት ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። (በስሙ መጨረሻ ያለችው ኤች የዴንማርኩን ሐኪም የሐገዶርንን ስም የምታስታውስ ናት።) ይህ ከተወጉት ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። የወጣቱ መድኃኒት ይኸው ነበር፤ እንግዲህ በአንድ ሰዓት የተወጋው ከአምስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይበረታል ማለት ነው፤ ምሳ የሚታለፍበት ጊዜም ይኸው ነው! እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰውም አስቀድሞ ሐኪሙን ሳያማክር መጾም አይገባውም። ግላርጂን የተባለው አዲሱ ዓይነት ወደ 24 ሰዓት ያህል እኩል ይሠራል፤ እርሱም የጠራ ስለ ሆነ፥ በዓይን ለይቼ አውቃለሁ ማለት አደገኛ ነው፤ ጽሕፈቱን ማንበብ ነው።

ሌሎች መድኃኒቶችም በነገሩ ይገባሉ። ግሊቤንክላማይድ የተባለው ክኒን ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል፤ ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ይህን የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። ለደም ብዛት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይሸፍናል፤ ላቡን ግን አይሸፍንም። አልኮልም ጉበት ስኳር እንዳያወጣ ያግዳል፤ ስለዚህ አፉ መጠጥ መጠጥ የሚሸት ሰው ስኳሩ አልወረደም ማለት አይቻልም። ሹሙ ይህን ቢያውቁ መልካም ነበር።

መዋጥ የሚችል ሰው ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፥ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው መድገም፥ ሲሻለውም ምግብ ማብላት ነው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመርም፤ ሊታነቅ ይችላልና፤ በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ወጣቱን «ምነው ለባልደረቦችህ ሳትነግራቸው?» ብንለው፥ «ገና በሙከራ ላይ ነኝ፤ በሽተኛ ነው ብለው እንዳያሰናብቱኝ ፈርቼ ነው» አለን። የመሥሪያ ቤቱን ስም ያልጻፍነውም ስለዚሁ ነው።