የገመድ ቅጥያ

የገመድ ቅጥያ ማለት ሁለት ገመዶችን፣ ወይም የአንድን ገመድ ጫፍ ከራሱ ከገመዱ አካል ጋር፣ ሳይቋጥሩ የማያያዝ ሥራ ነው። የሚሠራው ፈትሎችን እርስ በርስ በመጠላለፍ ወይም ጫፉን በገመዱ ሆድ ውስጥ በመቅበር ነው። በተለይ ከፍተኛ ጥንካሬ ላላቸው ሰው ሠራሽ ገመዶች ቅጥያ ዋናው የማያያዣ ዘዴ ነው፤ እነዚህ ገመዶች ሲቋጠሩ አብዛኛውን ጉልበታቸውን ያጣሉና።

ቋጠሮ ገመድን ለምን ያዳክማል?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ የገመድ ጉልበት የሚመጣው ቃጫዎቹ ሁሉ ሸክሙን እኩል ሲካፈሉ ነው። ቋጠሮ ላይ ግን ገመዱ በጠባብ ቦታ ይታጠፋል። በማጠፊያው ውጭ በኩል ያሉት ቃጫዎች ከመጠን በላይ ይወጠራሉ፣ በውስጥ በኩል ያሉት ደግሞ ይላላሉ። ስለዚህ ጥቂቶቹ ብቻቸውን ተሸክመው ይበጠሳሉ፣ ሸክሙም ለቀሩት ይተላለፋል። በፖሊኢትሊን ገመድ ላይ የሚቀረው ጉልበት ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። ቃጫው እጅግ ለስላሳ በመሆኑም ቋጠሮው ሊያፈተልክ ይችላል። በደንብ የተሠራ ቅጥያ ግን ከገመዱ ጉልበት 90 በመቶ ያህሉን ይጠብቃል።

የገመዱ ዓይነት

ከእነዚህ ገመዶች በጣም የታወቀው ዳይኒማ በሚል የንግድ ስም የሚሸጠው ነው። ቃጫው እጅግ ረጃጅም ሞለኪውሎች ካሉት ፖሊኢትሊን ይፈተላል። ሞለኪውሎቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ እንዲደረደሩ የሚያደርገውን የአፈታተል ዘዴ የሆላንዱ ዲኤስኤም ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አዳበሩት። ገመዱ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ተመሳሳይ ጉልበት ካለው የብረት ገመድም ብዙ ጊዜ ይቀላል። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ፣ እንደ አሠራሩ ቢለያይም፣ 8 ቶን ገደማ ሲጎትት ነው የሚበጠሰው። ብዙውን ጊዜ ከ12 ፈትሎች ተጎንጉኖ ሆዱ ክፍት ሆኖ ይሠራል፤ መቅበር የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ

በገመድ ጫፍ ላይ ቋሚ ቀለበት (ዓይን) ለመሥራት የሚከተሉት ደረጃዎች አሉ።

1. የሚቀበረው ርዝመት ይለካል። ብዙ ጊዜ ከገመዱ ውፍረት 72 እጥፍ ገደማ ነው፤ ለ10 ሚሊ ሜትር ገመድ 72 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።
2. የጫፉ ፈትሎች በተለያየ ቦታ እየተቆረጡ ጫፉ ቀስ በቀስ እንዲቀጥን ይደረጋል። ጫፉ በድንገት ካበቃ ውጥረቱ በዚያ ቦታ ይከማቻል።
3. ሆዱ ክፍት በሆነ ወስፌ መሰል መሣሪያ ጫፉ በጉንጉኑ መካከል ይገባል።
4. ሽፋኑ ከዓይኑ ወደ ሌላው አቅጣጫ በእጅ እየታሸ ይለሰልሳል፣ ጫፉም ሙሉ በሙሉ ይሰወራል።
5. በመጨረሻ ቅጥያው በክር ይሰፋል።

ገመዱ ሲጎተት፣ ረዝሞ እንደሚጠብ የሹራብ እጅጌ፣ ጉንጉኑ የተቀበረውን ጫፍ አጥብቆ ይይዘዋል። ሸክሙ ሲጨምር መያዣውም ይጨምራል። በተቃራኒው ገመዱ ሲላላ ጫፉ ሊያፈተልክ ስለሚችል ስፌቱ አስፈላጊ ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ከመቅበር በፊት ሁለቱን የገመድ ክፍሎች አንዱን በሌላው ውስጥ ያሾልካሉ። ይህ ዘዴ ብሩሜል ይባላል። ማፈትለክን ይከላከላል፤ ጉልበቱ ግን አሁንም የሚመጣው ከተቀበረው ርዝመት ነው። ስለዚህ በብሩሜል ተማምኖ ርዝመቱን ማሳጠር አደገኛ ነው።

ሦስት ፈትል ሆኖ በተገመደ ተራ የናይሎን ገመድ ላይ ግን ጫፉ አይቀበርም፤ እያንዳንዱ ፈትል በገመዱ ፈትሎች መካከል ተራ በተራ ይጠለፋል። ናይሎን ስለሚያሟልጭ ከቃጫ ገመድ የበለጠ ዙር ያስፈልገዋል።

ጥንቃቄ

ፖሊኢትሊን 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ ይቀልጣል፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከሞተር ሙቀትና ከፈጣን ፍትጊያ መራቅ አለበት። የብረት ስለት ይቆርጠዋል። የተቆረጡ ቃጫዎች፣ የጠነከረ ወይም የሚያብረቀርቅ ቦታ፣ የተፈታ ስፌት ከታየ ገመዱ ከሥራ ይወጣል። ገመዱ እምብዛም ስለማይለጠጥ ከከፍታ የሚወድቅን ሰው ለመያዝ ብቻውን አይሆንም፤ የውድቀቱን ምት አይቀበልም፣ ምቱ ሁሉ በሰውየው አካል ላይ ያርፋል።

በኢትዮጵያ

ገመድ መግመድና መጎንጎን በኢትዮጵያ የቆየ ሙያ ነው፤ ቆዳና ቃጫ ዋናዎቹ ጥሬ ዕቃዎች ናቸው። በትግራይ ወደሚገኘው ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣው 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገደል ላይ በተንጠለጠለ የቆዳ ገመድ ነው። በትውፊት ገመዱ አቡነ አረጋዊን ወደ አምባው ያወጣውን ዘንዶ ያስታውሳል። ጎጃምን ከበጌምድር በሚያገናኘው የዓባይ ሰባራ ድልድይም፣ የመካከሉ ክፍል ከፈረሰ በኋላ፣ መንገደኞች ከወዲያና ወዲህ ማዶ በሚጎተት ገመድ ታስረው ይሻገሩ ነበር።

በአዲስ አበባ፣ ከባድ መኪናና ግንባታ በሚበዛባቸው እንደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ባሉ ክፍለ ከተሞች፣ የተበላሸ መኪናን ወይም የግንባታ ዕቃን በተቋጠረ ገመድ መጎተት የተለመደ ነው። በዚህ ሥራ ሁለት ነገር መለየት ይጠቅማል። በገመዱ ላይ የተጻፈው ጉልበት ያልተቋጠረ ገመድ ጉልበት ነው፤ ከተቋጠረ በግማሽ ወይም ከዚያ በታች መገመት አለበት። በተጨማሪም ናይሎን ተለጥጦ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ስለሚወረወር፣ ማንም ሰው በተወጠረ ገመድ አቅጣጫ መቆም የለበትም።