ውጤት ሲለቀቅ ገጹ ለምን አልከፍት ይላል? የጎተራና የመሶብ ነገር

የ12ኛ ክፍል ውጤት ተለቀቀ ሲባል ደብረ ታቦር ላይ ስልኩን የማያወጣ ሰው የለም። ተፈታኙ፣ እህቱ፣ አጎቱ፣ ሁሉም ያንኑ የመለያ ቁጥር ያስገባል። ከላይ ጋይንት ወይ ከእስቴ ገጠር ኔትወርክ ፍለጋ ተሳፍሮ ከተማ የገባ ልጅም አለ። ገጹ ግን ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይከፍትም።

ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ዛሬ አንዱን እንይ፦ መረጃው የት ነው የተቀመጠው?

የተማሪዎች ውጤት ዳታቤዝ ውስጥ በሠንጠረዥ ሆኖ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ዲስክ ጎተራ በሉት። ብዙ ይይዛል፣ መብራት ቢሄድም ያለው አይጠፋም። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጎተራ ጤፍ አውጥቶ፣ አስፈጭቶ፣ አቡክቶ መጋገር ይቻላል እንዴ? ራም ደግሞ መሶቡ ነው። የሚይዘው ትንሽ ነው፣ መብራት ሲጠፋም ባዶ ይሆናል፤ ግን ክዳኑን ከፍቶ ማቅረብ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ መረጃ ፈልጎ ለማንበብ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሰከንድ 100 ጊዜ ቢያነብ ነው። ራም 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። 100 ሺህ እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዲስክ መሃል ላይ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ ውጤት ራም ላይ ይገባል ወይ? እናስላው። በ2015 ዓ.ም. 845 ሺህ ገደማ ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 27,267 ብቻ ነበር፤ 3.2 በመቶ። ለአንድ ተማሪ ስም፣ ቁጥርና የየትምህርቱ ነጥብ 1 ኪሎባይት ብንሰጥ እንኳ ጠቅላላው 845 ሜጋባይት ገደማ ነው። ያገር ሙሉ ውጤት 4 ጊጋባይት ራም ካለው ስልክ ሩብ አይሞላም!

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፖስትግሬስም ማይኤስኪውኤልም አዲስ ሲጫኑ ለዚህ ሥራ የሚመድቡት ራም 128 ሜጋባይት ገደማ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በትርፍ ራሙ ሊያግዝ ይችላል፤ ዋናው ግን ባለሙያው ቁጥሩን ከፍ ማድረጉ ነው። ፖስትግሬስ ላይ ፒጂ ፕሪዋርም የሚባል ማሟያ ሠንጠረዡን ቀድሞ ራም ላይ ይጭናል። ሬዲስን የመሰሉ ዳታን ራም ላይ የሚይዙ ሶፍትዌሮችም አሉ።

ውጤት ለዚህ የተመቸ ነው፤ አንዴ ከወጣ ብዙም አይቀየርም። የባንክ ሒሳብ ግን በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ፣ ለብቻ የተቀመጠው ቅጂ ካልታደሰ የወጣ ብር እንዳለ ሊያሳይ ይችላል። ውጤትም በቅሬታ ከተስተካከለ ቅጂው አብሮ መታደስ አለበት።

መንገድ ከተዘጋ ደግሞ መሶቡ ቢሞላም ዋጋ የለውም። የ2015ቱ ውጤት መስከረም 2016 ሲወጣ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ያንን ራም አይፈታውም።

ለትምህርት ቤትም ለኮሌጅ ሬጅስትራርም ሲስተም የምትሠሩ ወገኖች፣ ውጤት ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ፦ ሠንጠረዡ ስንት ሜጋባይት ነው? ዳታቤዙስ ስንት ራም ተፈቅዶለታል? ሁለተኛው ካነሰ ማታውኑ አስተካክሉት። ጠዋት ላይ ትራንስፖርት ከፍሎ የሚመጣ ልጅ አለ።