በመኪና ጭስ ማውጫ ላይ ስለሚቀልጥ ፌስታል

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንትና ወደ ወልድያ የሚያልፈውን መንገድ እግረኛውም ከብቱም መኪናውም ይጋሩታል። በገበያ ቀን የተጣለውን ፌስታል የጉና ነፋስ ያነሣዋል፤ ከመኪናውም ሆድ ሥር ገብቶ በጋለው የጭስ ማውጫ ቧንቧ ወይም በማርሚታው ላይ ይጣበቃል። ነጂው ይህን በዓይኑ አያየውም፤ በሽታው ግን ያውቀዋል።

ነገሩ ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። ውሃ በደብረ ታቦር ከፍታ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊንም ከዚያ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ይቀልጣል። ለሞተሩ የቀረበው ቧንቧ ግን ብዙ መቶ ዲግሪ ስለሚሞቅ ቀልጦ ብቻ አይቀርም፤ ይነድዳል። ጭሱ ወደ መኪናው ውስጥ ቢገባ ሕፃናትንና ደረት የሚያማቸውን ይጎዳል። በአጠገቡ የሚያንጠባጥብ ዘይት ወይም ገለባ ቢኖር ደግሞ መኪናውን ያቃጥላል። ስለዚህ ባለ መኪናው በእጁ ባይሠራው እንኳ ለነጂው የሚያዝዘውን ሊያውቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ፤ ሽታው በመጣ ጊዜ ከደረቅ ሣር በራቀ ስፍራ አቁሞ ሞተሩን ማጥፋትና ቤተ ሰቡን ማውረድ ነው። ነበልባል ከሌለ ቧንቧው ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ ያስፈልጋል። በጋለው ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ አይገባም፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ፤ እንፋሎቱም ፊትን ሊያቃጥል ይችላልና።

ሁለተኛ፤ የቀዘቀዘው ፌስታል ስለሚደርቅ ብዙው በተሳለ እንጨት ሲፋቅ ይላቀቃል። እንቢ ያለውን ለማለስለስ ሞተሩን ለአንድ ሁለት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት፤ ቧንቧው ለብ ሲል ወፍራም ጓንት አድርጎ እንደ ገና መፋቅ ነው። የቀረውን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ይቻላል፤ የሚያብለጨልጭ ቧንቧ ግን በሽቦ ይጫራልና በእንጨትና በጨርቅ ብቻ ይጽዳ። ቤንዚን አይነካው፤ ፌስታልን አያሟሟም፤ እሳትን ግን ይጠራል።

ሦስተኛ፤ ከመኪናው ሥር የሚገባ ሰው ክሪክን ብቻ አይመን፤ ጎማው በድንጋይ ይታገድ፤ መኪናውም በጽኑ መደገፊያ ላይ ይቀመጥ። በመጨረሻ የሚቀረው ስስ ቅሪት በጉዞ ላይ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ እስከዚያ ድረስ መስኮት ይከፈት። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ሞተር ማስነሣት ክልክል ይሁን፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ይገድላልና። ቅሪቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ እንደ ሆነ ለመካኒክ መስጠት ይሻላል።

የቀለጠን ነገር ጠባይ ማወቅ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ1859 ዓ.ም. ገደማ የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ ቀልጦ የተሠራባት ጋፋት ለደብረ ታቦር ጎረቤቷ ናት። በዚያ እሳት በትእዛዝ ሠራ፤ በመኪና ሥር ግን ሳይታዘዝ ይሠራል።

መድኃኒቱ ከቤት ይጀምራል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አጠበቀው። እንግዲህ እመቤቲቱ ለገበያ ዘንቢል ታስይዝ፤ አባትም ልጆቹ ከመኪና መስኮት ምንም እንዳይጥሉ ያስተምር። ዛሬ ከእጃችን የጣልነው ነገ በሌላው ሰው ልጆች እግር ሥር ይነድዳልና።