ፋይል ሲለወጥ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ

በቤተ ሙከራ ያለ አንድ የሙቀት መለኪያ ውጤቱን በኮምፒውተር ፋይል ላይ እየጨመረ ይጽፋል እንበል። ተማሪው ፋይሉ በታደሰ ቁጥር ግራፉ እንደገና እንዲሣል ይፈልጋል። ትእዛዙን በየጊዜው በእጅ መስጠት አሰልቺ ከመሆኑም በላይ፣ አንድ ጊዜ የተረሳ እንደሆነ አሮጌው ግራፍ እንደ አዲስ ተቆጥሮ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ሊያደርስ ይችላል። ሥራውን ለኮምፒውተሩ መተው ይሻላል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ፋይሉ መለወጡን በምን ያውቃል?

ቀላሉ መንገድ ደጋግሞ መጠየቅ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እያንዳንዱ ፋይል ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበትን ሰዓት ይመዘግባል። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ቤተ ሙከራ የሠራው «ሜክ» የተባለው ፕሮግራም የሚመረኮዘው በዚህ ሰዓት ላይ ነው፤ የምንጩ ፋይል ከውጤቱ ፋይል በኋላ የተለወጠ ከሆነ ውጤቱን እንደገና ያዘጋጃል። ሜክ ግን የሚመለከተው ሰው ሲጠራው ብቻ ነው። በየሴኮንዱ እንዲጠራ ብናደርግ ፊዚክስ ላጠና ሰው እንግዳ ያልሆነ ችግር ይገጥመናል፤ በሁለት ናሙናዎች መካከል የተከሰቱ ብዙ ለውጦች እንደ አንድ ለውጥ ይታያሉ። ናሙናውን ብናፋጥነው ደግሞ ምንም ባልተለወጠበት ጊዜ ሁሉ ፕሮሰሰሩ በከንቱ ይደክማል።

እንግዳ መጥቶ እንደሆነ በየደቂቃው በር ከፍቶ ከማየት እስኪያንኳኳ መጠበቅ ይቀላል። ወደ ፋይል የሚጻፍ ነገር የሚያልፈው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ማለትም በከርነሉ በኩል በመሆኑ፣ ለውጡን ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። በሊኑክስ ይህን ዜና ለፕሮግራሞች የሚያደርሰው «አይኖቲፋይ» እ.ኤ.አ. በ2005 በከርነሉ 2.6.13 እትም ተካተተ። ፕሮግራሙ የሚከታተለውን ፎልደር አስመዝግቦ ይተኛል፤ ለውጥ ሲኖር ከርነሉ ይቀሰቅሰዋል፣ እርሱም የተሰጠውን ትእዛዝ ያስፈጽማል።

አስቸጋሪው ጉዳይ «ለውጥ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። መለኪያው አንድ ሺህ መስመር በአሥር ጊዜ ከፋፍሎ ቢጽፍ ከርነሉ አሥር ጊዜ ሊቀሰቅሰን ይችላል፤ በመጀመሪያው ቅስቀሳ የተሣለው ግራፍ የጎደለ መረጃ ይዞ ሳለ ሙሉ መስሎ ይታያል። በእኔ አስተያየት ይህ ፕሮግራሙ ጭራሽ ሳይሠራ ከመቅረቱ የከፋ ነው፤ የቆመ ፕሮግራም ማንንም አያሳስትምና። ስለዚህ መጠበቅ ያለብን «ተጻፈ» የሚለውን ሳይሆን «ተጽፎ ተዘጋ» የሚለውን መልእክት ነው። ብዙ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ደግሞ አዲሱን ይዘት በሌላ ስም ጽፈው በአሮጌው ስም ይተኩታል፤ ያኔ የምንከታተለው የተጣለውን ፋይል ይሆናል። ከፋይሉ ይልቅ ፎልደሩን መከታተል የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ይህም የራሱ አደጋ አለው። ግራፉ በዚያው ፎልደር የሚቀመጥ ከሆነ የግራፉ መጻፍ ራሱ አዲስ ለውጥ ሆኖ ትእዛዙን ይቀሰቅሳል፣ ትእዛዙም ሌላ ግራፍ ይጽፋል፤ በድምፅ ማጉያ ፊት የተቀመጠ ማይክሮፎን እንደሚያፏጨው ማለት ነው። ውጤቱን በሌላ ፎልደር ማስቀመጥ ይበቃል።

የመለኪያው ኮምፒውተር ሌላ ሆኖ ፋይሉ በኔትወርክ በጋራ የሚታይ ሲሆን ግን አይኖቲፋይ አይረዳንም። ጽሑፉ ያለፈው በዚያኛው ከርነል እንጂ በእኛ አይደለምና። በዚህ ጊዜ በየጥቂት ሴኮንዱ ወደ መጠየቅ እንመለሳለን፤ መለኪያውም ፋይሉን በጊዜያዊ ስም ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ትክክለኛውን ስም እንዲሰጠው እናደርጋለን።