የጎጃም ቅኔ ፍሬ፤ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ

የአንድ አገር ሕዝብ ሀብቱ በእርሻውና በከብቱ፥ በንግዱና በግምጃ ቤቱ ብቻ የሚቈጠር አይደለም። ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ቋንቋና ዕውቀትም ታላቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሀብት በሣጥን ተቈልፎ እንደ ተቀመጠ ወርቅ ከሆነ ጥቅሙ ለጥቂቶች ብቻ ይሆናል፤ ሕዝብ በሚሰማው ቃል ተመንዝሮ ወደ አደባባይ የወጣ እንደ ሆነ ግን ለአገር ሁሉ ስንቅ ይሆናል። ለዚህም ነገር ከጎጃም ደጋ የወጡት ባለቅኔ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ እውነተኛ ምስክር ናቸው።

በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጉንደ ወይን የምትገኘው በዚሁ በታወቀው የትምህርት ምድር ነው። መርጡለ ማርያም፥ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ፥ ስማቸው በሊቃውንት ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የተከበረው አድባራት፥ ከዚያው አካባቢ ናቸው። በዚህ አገር ደበሎ ለብሶ፥ አኰፋዳ አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እየለመነ ከመምህር ወደ መምህር የሚሄድ ተማሪ እንግዳ ሆኖ አይታይም። ከደብረ ማርቆስ ወዲያ በምዕራብ በኩል ያለችው ደብረ ኤልያስም ከእነዚህ የትምህርት ቦታዎች አንዷ ናት። ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት በዚህች ቦታ ነው።

ቅኔ ቤት ሲባል ቤት መምታት ብቻ የሚማሩበት የሚመስለው ሰው ቢኖር ይሳሳታል። ተማሪው አስቀድሞ የግዕዝን ሰዋስው፥ የግሱን አመልና የቃሉን ርባታ ያጠናል። ከዚህ በኋላ ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና ይጀምርና በዘአምላኪየ፥ በሚበዝኁ፥ በዋዜማና በሥላሴ በኩል አልፎ ባለ 8 ቤት እስከ ሆነው እስከ መወድስ ይደርሳል። ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቆሞ ያሰማል፤ መምህሩም የጐደለውን ይሞላሉ፥ የተጣመመውን ያቀናሉ። በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገርን፥ ሰሙን አሳይቶ ወርቁን መሸሸግን የሚማረው በዚህ መንገድ ነው። የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ መድገም ነውር ስለ ሆነ፥ ተማሪው ሁልጊዜ አዲስ ነገር እንዲያስብ ይገደዳል።

እንግዲህ ይህ ትምህርት አእምሮን የሚያሰላ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቅኔው የሚነገረው በግዕዝ ስለ ሆነ፥ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ያለው ገበሬና ነጋዴ ዜማውን ሰምቶ ከመደሰት በቀር ምስጢሩን ለማግኘት አይችልም ነበር። የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ታላቅ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የቅኔ ቤቱን ብልኀት ሳይጥሉ፥ ሰምና ወርቁን ሁሉም በሚሰማው በአማርኛ አድርገው ወደ ሕዝብ አደባባይ አወጡት።

ዮፍታሔ ከደብረ ኤልያስ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በመምህርነት ሲያገለግሉ፥ ቴአትር የሚባለው ነገር ለአገሩ ገና እንግዳ ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የአውሬዎችን ተረት ምሳሌ አድርገው ያዘጋጁት ጨዋታ የመንግሥቱን ሹማምንት የሚነቅፍ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ተከልክሎ ቈይቶ ነበር። ክልከላው ካለፈ በኋላ የቴአትርን ሥራ ካነሡት ሰዎች መካከል ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ዋናዎቹ ናቸው። ተጫዋቾቹ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ሴት በመድረክ ላይ መታየቷ ስላልተለመደም የሴቶቹን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ዮፍታሔ ከደረሷቸው ጨዋታዎች አንዱ «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» ተብሎ መሰየሙ የደራሲውን አሳብ ይገልጻል፤ ተመልካቹ ሲስቅ እንዲማር፥ ሲማርም እንዲደሰት ነበር ፍላጎታቸው። ጨዋታዎቹ በግጥምና በዘፈን የተሞሉ በመሆናቸው፥ የቅኔ ቤቱ ተማሪ በአዲሱ መድረክ ላይም አልጠፋም።

ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን በአገር ሁሉ ያስጠራው ግን የብሔራዊው መዝሙር ግጥም ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ አርባ የአርመን ድኃ አደግ ልጆች ለሙዚቃ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። የእነዚህ ልጆች የሙዚቃ መምህር የነበሩት ሙሴ ኬቮርክ ናልባንድያን ዜማውን ደረሱ፤ ዮፍታሔ ደግሞ ቃሉን ደረሱ። አንዱ ከአርመን፥ ሌላው ከደብረ ኤልያስ መጥተው በአንድ መዝሙር ተገናኙ። መዝሙሩም ከ1923ቱ የዘውድ በዓል አንሥቶ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ አገልግሏል። አንድም የግዕዝ ቅኔ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ፥ ከጎጃም ቅኔ ቤት የወጡትን የእኚህን ሰው ቃል በየሰልፉና በየትምህርት ቤቱ በአፉ ይዞ ኖሯል።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላም አገር ተደርጓል። በአሜሪካ በፍሎሪዳ አገር በጃክሰንቪል ከተማ በ1871 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተወለደው ጥቁሩ ባለቅኔ ጄምስ ዌልደን ጆንሰን እንደ ዮፍታሔ የትምህርት ቤት ሰው ነበረ። በ1900 የትምህርት ቤት ሹም ሳለ የሊንከን የልደት በዓል በሚከበርበት ቀን የሚዘመር ግጥም ጻፈ፤ ወንድሙ ሮዛሞንድ ዜማውን አወጣለት፤ 500 የትምህርት ቤት ልጆችም ዘመሩት። ያም መዝሙር ከዚያች ከተማ ወጥቶ የአሜሪካ ጥቁሮች ሁሉ መዝሙር ሆነ። ጆንሰን በዚህ ብቻ አልተወሰነም። በ1922 የወገኖቹን ባለቅኔዎች ግጥም ሰብስቦ አሳተመ፤ በ1925 በየቤተ ክርስቲያኑ በቃል ብቻ ይዘመሩ የነበሩትን መንፈሳዊ መዝሙሮች ከወንድሙ ጋር ሆኖ ከነዜማቸው አጻፈ፤ በ1927ም የጥቁር ሰባኪዎችን የስብከት ስልት በግጥም አድርጎ አቀረበ። በ1938 ሲሞት በቃል የነበረው ሀብት በመጽሐፍ ሆኖ ቀርቶለታል።

የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ዕድል ግን እንደዚህ የተመቻቸ አልነበረም። የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን ለመውረር በሚሰናዳበት ጊዜ፥ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቁሞ ሕዝቡን በንግግር፥ በግጥምና በዘፈን ሲያነቃ፥ የዮፍታሔም ብዕር ለዚሁ አገልግሎት ተሰልፎ ነበር። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ እሳቸውም ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ የጠላትን ዘመን መከራ የሚያሳየውን «አፋጀሺኝ» የተባለውን ቴአትር ለሕዝብ አቀረቡ። ከዚህም በኋላ ብዙ ሳይቈዩ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት እምብዛም የራቀ አልነበረም።

የሰውዬው ሕይወት በዚህ ሲፈጸም የጽሑፋቸው መከራ ገና መጀመሩ ነበር። ለመድረክ የተጻፈ ጨዋታ ከታየ በኋላ ወረቀቱ በየሰው እጅ ይቀራል፤ በበዓል ቀን የተነበበ ግጥምም በጆሮ አልፎ ይረሳል። ስለዚህ ከጻፉት ብዙው ተበታተነ። የኋላው ባለቅኔና መምህር ዮሐንስ አድማሱ የሕይወታቸውንና የሥራቸውን ታሪክ ፈልጎ ባይጽፍ ኖሮ፥ ጥፋቱ ከዚህም የባሰ ይሆን ነበር። የዮሐንስ መጽሐፍም ቢሆን ለኅትመት የበቃው እሱ ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ባለቅኔው ሞቶ፥ ታሪኩን የጻፈለትም ሞቶ፥ ጽሑፉ አንባቢ ሲጠብቅ የሚኖርበት አገር፥ ሀብቱን ሳይቈጥር የሚያድር ባለጠጋ ይመስላል።

ከዚህ ታሪክ ጉንደ ወይንን ለመሰለች ከተማ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። የቅኔ መምህራን በቃላቸው የያዙት ዕውቀት ከእነሱ ጋር ወደ መቃብር እንዳይወርድ፥ ደግ ደጉ ቅኔ ከነትርጓሜውና ከነባለቤቱ ስም በወረቀት ላይ ሊሰፍር ይገባዋል። ለዚህም ሥራ ትልቅ ገንዘብ አያሻም፤ ደብተርና ብዕር ያለው፥ በመምህሩ እግር ሥር መቀመጥ የማይሰለቸው አንድ ወጣት ይበቃል። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማሪ ከቅኔ ቤቱ ተማሪ ጋር ቢገናኝ አንዱ ከሌላው የሚያተርፈው ብዙ ነው፤ ያኛው ምስጢሩን፥ ይህኛው መጻፊያውንና ማሳተሚያውን ይዟልና።

ዮፍታሔ ንጉሤ የአባቶቻቸውን ትምህርት አላፈሩበትም፤ አዲሱንም ነገር አልሸሹትም። ሁለቱን አስታርቀው አገር በአንድ ድምፅ የዘመረውን ቃል አወጡ። በቅኔ ቤት ደጅ ቁራሽ የሚለምነውን ልጅ ሰው ሁሉ በዚህ ዐይን ቢያየው መልካም ነው። የዚያ ልጅ አኰፋዳ የያዘው የዕለት ቁራሽ ነው፤ ልቡ የያዘው ግን ነገ ለአገር የሚተርፍ ሊሆን ይችላል።