የመኪና ጎማ ወርድ፦ ሰፊው ሁሉ ይሻላልን?

የመኪናውን ያረጀ ጎማ ሊለውጥ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ «ሰፋ ያለውን ግዛ፤ መሬት ይይዛል» የሚል ምክር ይሰማል። ምክሩ በደረቅ አስፋልት ላይ የተወሰነ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ያው ጎማ በሐምሌ ዝናብ ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ በፍጥነት ሲነዳ መሪም ፍሬንም ሊያሳጣ ይችላል። በመሆኑም የጎማ ምርጫ የመልክና የዋጋ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይም ነው። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቀው ፊዚክስ እንመረምራለን።

በቅድሚያ ሁለት ቃላትን እንለይ። በተለምዶ «የጎማ ስፋት» የሚባለውን፣ ከጎን እስከ ጎን ያለውን ርቀት «ወርድ» እንለዋለን። «ስፋት» የሚለውን ቃል ደግሞ በሒሳብ ትምህርት እንደለመድነው በካሬ ሳንቲ ሜትር ለሚለካው ገጽ እንተወዋለን። የብዙዎች ስሕተት የሚጀምረው ሁለቱን ካለመለየት ነው።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው

በብዙ አነስተኛ አውቶሞቢሎች ጎማ ላይ «185/65 አር 15 88 ኤች» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። 185 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎማው ግድግዳ ቁመት የወርዱ 65 በመቶ መሆኑን ይገልጻል፤ ይኸውም 185 × 0.65 = 120.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «አር» በጎማው ውስጥ ያሉት ክሮች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው የተዘረጉ፣ ማለትም ራዲያል መሆናቸውን ያመለክታል። 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ሲሆን 381 ሚሊ ሜትር ነው። 88 አንዱ ጎማ እስከ 560 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል፣ «ኤች» ደግሞ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለሚደርስ ፍጥነት የተሠራ መሆኑን የሚገልጹ ምልክቶች ናቸው።

የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር እንግዲህ 381 + (2 × 120.25) = 621.5 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ የግድግዳው ቁመት የሚሰላው ከወርዱ ነው። ስለዚህ ወርዱን ብቻ የለወጠ ሰው ሳያስበው ቁመቱንም ለውጧል።

መኪናውና መሬቱ የሚገናኙበት ገጽ

ሰፊ ጎማ በእርግጥ ከመሬት ጋር የበለጠ ይነካካልን? ከነተሳፋሪዎቹ 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና እንውሰድ። ክብደቱ ለአራቱ ጎማዎች እኩል ቢከፋፈል እያንዳንዱ 300 ኪሎ ግራም፣ ወይም 2,940 ኒውተን ያህል ይሸከማል። በጎማው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 210 ኪሎ ፓስካል (30 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ) ከሆነ፣ ግፊት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኝ በመሆኑ፣ መሬቱን የሚነካው ስፋት 2,940 ÷ 210,000 = 0.014 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 140 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የአራቱም ድምር 560 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ የኤ4 ወረቀት 624 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት እንዳለው ስናስታውስ፣ መኪናው ከነተሳፋሪዎቹ ከአንድ ወረቀት ባነሰ ገጽ ላይ ቆሞ እንደሚሄድ እንረዳለን።

በዚህ ስሌት ውስጥ የጎማው ወርድ ከቶ አልገባም! ጎማው ሰፊም ሆነ ጠባብ፣ ክብደቱና የአየር ግፊቱ እስካልተለወጡ ድረስ የሚነካው ስፋት ያው ነው ማለት ይቻላል። የጎማው ግድግዳ በግትርነቱ የክብደቱን ጥቂት ክፍል ስለሚሸከም ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም ሐሳቡ ግን አይለወጥም። የሚለወጠው የገጹ ቅርጽ ነው። መሬቱን የሚነካው ወርድ 14 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ወርዱ ወደ 16 ቢያድግ ርዝመቱ ወደ 8.75 ያጥራል።

በደረቅ አስፋልት

ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ባቀረበው ሕግ መሠረት የሰበቃ ኃይል የሚወሰነው ሁለቱን ገጾች በሚያጫናቸው ኃይል እንጂ በሚነካካው ስፋት አይደለም። ላስቲክ ግን ለዚህ ሕግ ሙሉ በሙሉ አይገዛም። ለስላሳ በመሆኑ በመንገዱ ጥቃቅን ጎርባጣ ውስጥ ይሰርጋል፤ በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ጫና ሲበዛም የመያዝ አቅሙ ከጫናው ጋር በእኩል መጠን አያድግም። ሰፊ ጎማ ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፤ ሙቀቱንና መበላቱንም በሰፊ ላስቲክ ላይ ያከፋፍላል። በፎርሙላ 1 ውድድር እ.ኤ.አ. በ2017 የኋላ ጎማ ወርድ ከ325 ወደ 405 ሚሊ ሜትር እንዲያድግ የተደረገው መኪኖቹ መታጠፊያዎችን በበለጠ ፍጥነት እንዲያልፉ ነበር።

በክረምት መንገድ

በውኃ ላይ ሁኔታው ይገለበጣል። ጎማው በፍጥነት ሲሽከረከር ከፊቱ ያለው ውኃ ወደ ላይ ይገፋዋል። የውኃው ግፊት ከጎማው ግፊት ጋር ሲስተካከል ጎማው ከመሬት ተነሥቶ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። በዚህ ጊዜ መሪ ቢዞር መኪናው አይታጠፍም፤ ፍሬን ቢረገጥም አይቆምም። የናሳ ተመራማሪዎች በአውሮፕላን ጎማዎች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ቀመር ወደ ሜትሪክ መለኪያ ሲለወጥ፣ ይህ የሚሆንበት ፍጥነት (በኪሎ ሜትር በሰዓት) የአየር ግፊቱ (በኪሎ ፓስካል) ካሬ ሥር በ6.35 ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ለ210 ኪሎ ፓስካል ውጤቱ 92 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። አየሩ ወደ 150 ቢወርድ ግን 78 ላይ ይደርሳል። አየር የጎደለው ጎማ በዝናብ ጊዜ እጥፍ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቀመሩ ወርድን አይጠቅስም፤ የሚሠራውም የጎማው ጥርስ ውኃውን ማስወጣት በማይችልበት ሁኔታ ነው። ጥርሱ እስከዚያ ድረስ እንዲታደገን ግን ወርድ ትልቅ ድርሻ አለው። 3 ሚሊ ሜትር ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ በ90 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ማለትም በሴኮንድ 25 ሜትር የሚነዳ መኪና እናስብ። መሬቱን 14 ሳንቲ ሜትር የሚነካ ጎማ በየሴኮንዱ 0.14 × 0.003 × 25 = 0.0105 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 10.5 ሊትር ውኃ ማስወገድ አለበት፤ 16 ሳንቲ ሜትር የሚነካው ደግሞ 12 ሊትር። ጠባቡ ጎማ ይህን የሚያደርግበት ጊዜ 10 ሳንቲ ሜትር ÷ 25 ሜትር በሴኮንድ = 4 ሚሊ ሴኮንድ ሲሆን ሰፊው 3.5 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ነው ያለው። ሰፊው ጎማ ብዙ ውኃ በአጭር ጊዜ እንዲያስወግድ ተገዷል። ጥርሱ ያለቀ ከሆነ ደግሞ ውኃው መሄጃ የለውም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የአውቶሞቢል ጎማ ጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ በሕግ የተደነገገው ስለዚህ ነው።

ጠባብ ጎማ የድህነት ምልክት አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2022 የተመረተችው ቢ.ኤም.ደብልዩ አይ 3 የተባለች የኤሌክትሪክ መኪና የወርዱ መጠን 155 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ፣ ነገር ግን በ19 ኢንች ቸርኬ ላይ በተገጠመ ጎማ ትሄድ ነበር። ጠባብነቱ የአየር ተቃውሞን ሲቀንስ፣ የዲያሜትሩ ትልቅነት ደግሞ የሚነካውን ገጽ ርዝመት ይጠብቃል።

ወርድ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጠው

185/65 አር 15 የነበረው መኪና 205/65 አር 15 ቢገጠምለት ዲያሜትሩ 647.5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በ4.2 በመቶ የበለጠ ይሆናል። የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ መኪናው በእርግጥ ከዚያ በ4.2 በመቶ የበለጠ ይሄዳል። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት 8.5 በመቶ ይጨምራል። በዚያ ላይ ጎማው መሪ ሲዞር ከፓራፋንጎ ጋር ሊፋተግ ይችላል። በአንጻሩ 205/60 አር 15 ቢመረጥ ዲያሜትሩ 627 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ነው።

እንዴት እንምረጥ?

ከዚህ ሁሉ የሚከተሉት ምክሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር ደፍ ላይ የሚለጠፈውንና አምራቹ የወሰነውን መጠን እናንብብ፤ በቂ ምክንያት ከሌለ እርሱን አንለፍ። ሁለተኛ፣ ወርዱ ከተለወጠ ጠቅላላ ዲያሜትሩን እናስላ፤ ከዋናው ከ3 በመቶ በላይ እንዳይለይ ይመከራል። ሦስተኛ፣ አዲሱ ወርድ ለቸርኬው ወርድ የሚስማማ መሆኑን እናረጋግጥ። አራተኛ፣ የመሸከም አቅሙ ከቀድሞው አይነስ፤ በአንድ መስመር ላይ ያሉት የግራና የቀኝ ጎማዎችም አንድ ዓይነት ይሁኑ። አምስተኛ፣ በጎማው ላይ «ዲ.ኦ.ቲ» ከሚለው ጽሑፍ ኋላ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች እንመልከት። 3523 ማለት በ2023 በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ዘመን ያሰላ ገዢ ጎማው ከሚገመተው በላይ አዲስ እንደሆነ ሊመስለው ይችላል።

በመጨረሻም የአየሩን ግፊት በየወሩ፣ ጎማው ሳይሞቅ እንለካ። በሰፊና በጠባብ ጎማ መካከል ያለው ልዩነት ለባለሙያም ቢሆን ክርክር ያስነሣል፤ በተሞላና ባልተሞላ ጎማ መካከል ያለው ልዩነት ግን በዝናብ ቀን የ14 ኪሎ ሜትር በሰዓት ልዩነት መሆኑን ከላይ በቁጥር አይተናል።