ንጹሕ ውሃ የገደለው ዓሣ

ተከራዩ ቤቱን ለቅቆ ሄዷል፤ መስኮቱ ሥር የቀረው አንድ የመስታወት ገንዳ ነው። ውሃው ቢጫ ሆኗል፣ መስታወቱን አረንጓዴ ዝቃጭ ሸፍኖታል፣ ፊልተሩ ከቆመ ወራት አልፎታል። አንድ ጎልድፊሽ ክንፎቹን ከገላው አጣብቆ ጠጠሩ ላይ ተኝቷል፤ ግን ይተነፍሳል። ያገኘው ሰው አንጀቱ አልችል ይለዋል። ዓሣውን በባልዲ ያወጣል፣ የሸተተውን ውሃ ይደፋል፣ ገንዳውን በበረኪና ይፈትጋል፣ ጠጠሩን አጥቦ አጥቦ ያነጣዋል፣ ከቧንቧ የቀዳውን ውሃ ሞልቶ ዓሣውን ይመልሰዋል። በማግስቱ ዓሣው በጎኑ ተንሳፍፎ ይገኛል። «ድሮም ሊሞት የደረሰ ነበር» ይባልና ነገሩ ይዘጋል።

ያ ዓሣ ግን እስከ ትናንት ድረስ ኖሯል፤ ማንም ባይነካው ምናልባት ሌላ ወራትም ይገፋ ነበር። የገደለው የአንድ ከሰዓት በኋላ ደግነት ነው። የተጎሳቆለ ውሻን ከቆሻሻ ቦታ አውጥቶ ንጹሕ ክፍል ማስገባት አይጎዳውም። ዓሣ ግን በስንጥቡ በኩል ደሙና ውሃው ሌት ተቀን ሲወራረሱ ይኖራል፤ በመካከላቸው ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው ከመጥፎ ወደ ጥሩ ሲለወጥ እንኳ የለውጡ ፍጥነት ራሱ አደጋ ይሆናል።

መጀመሪያ፣ እስከዛሬ እንዴት ኖረ? ጎልድፊሽ ቻይናውያን ከሺህ ዓመት በላይ ሲያራቡት የኖሩት የካርፕ ዘመድ ነው። ዝርያው የሚመጣው ኦክስጅን ከሚያጥራቸው ኩሬዎች ስለሆነ፣ የብዙዎቻችን ገላ የማይችለውን ይችላል። የሰው ጡንቻ ያለ ኦክስጅን ሲሠራ ላክቲክ አሲድ ይከማችበታል፤ ጎልድፊሽና የቅርብ ዘመዱ ክሩሺያን ካርፕ ግን ያንን ወደ አልኮል ለውጠው በስንጥባቸው ያስወጡታል። የኦስሎና የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ይህን የሚያስችለውን የኢንዛይም ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ አድርገዋል። የክሩሺያን ካርፕ ደም በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ50 ሚሊ ግራም በላይ አልኮል ሊይዝ ይችላል፤ በብዙ አገር በዚህ መጠን መኪና መንዳት ያስቀጣል። ስንጥቡም ቢሆን ቅርጹን ይለውጣል። ውሃው ሲቀዘቅዝና ኦክስጅን ሲበዛ፣ በስንጥቡ ቅጠሎች መካከል ሕዋሳት ይሞሉና ቦታውን ያጠቡታል፤ ኦክስጅን ሲጎድል ሕዋሳቱ ይቀንሱና ለመተንፈሻ የሚሆነው ገጽታ ይሰፋል። ይህ ሁሉ የቀናት ሥራ ነው። ዓሣው መጥፎውን ውሃ የለመደው ቀስ በቀስ ነው፤ ሲለቅቀውም ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ፤ ምሥጢሩ ያለው እዚያ ነው።

ዓሣ የበላው ፕሮቲን ሲፈርስ አሞኒያ ይወጣል፤ አብዛኛውም የሚወገደው በስንጥቡ በኩል ነው። አሞኒያ መርዝ ነው። ደህና በተያዘ ገንዳ ውስጥ ግን ጠጠሩና የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይቀበሉታል፤ ናይትሮሶሞናስና ዘመዶቹ ወደ ናይትራይት፣ ናይትሮስፓይራ ደግሞ ናይትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ ሥራ በራሱ አሲድ ይፈጥራል። ውሃው በየጊዜው ካልተቀየረ፣ አሲዱን የሚያበርደው ካርቦኔት ያልቅና የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች ይወርዳል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውሃው ይበልጥ አሲዳማ ነው። ከ6 ሲያንስ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ሊያቆሙ ምንም አይቀራቸውም፤ አሞኒያው መከማቸት ይጀምራል።

ዓሣው ታዲያ ለምን አይሞትም? አሞኒያ በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ ስላለው ነው። አንደኛው የስንጥቡን ሽፋን በቀላሉ የሚያልፈው ጋዙ ነው፤ ሁለተኛው ሃይድሮጅን የተጨመረበትና ለማለፍ የሚቸገረው አሞኒየም ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው በተለይ ፒኤች ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤች 6 ላይ መርዘኛው ጋዝ ከጠቅላላው 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፒኤች 8 ላይ ግን 3.8 በመቶ ይደርሳል። አሲዳማው አሮጌ ውሃ ዓሣውን እያስቸገረው፣ በዚያው አሞኒያውን አስሮ ይዞለታል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በገንዳው ውስጥ በአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ግራም አሞኒያ ተከማችቷል እንበል፤ ፒኤች 6 ነው። መርዘኛው ድርሻ 0.002 ሚሊ ግራም ብቻ ይሆናል። አዳኙ ግማሹን ውሃ ደፍቶ በአዲስ ተካው። ጠቅላላው አሞኒያ ወደ 2.5 ወረደ፤ ደስ ይላል። ነገር ግን አዲሱ ውሃ ፒኤቹን ወደ 8 ካወጣው፣ መርዘኛው ድርሻ 0.095 ገደማ ይሆናል። ከ40 እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው፤ ያውም ውሃውን ግማሽ በግማሽ ካጸዳን በኋላ! ሁሉንም ውሃ የደፋው ደግሞ ከዚህ ቢያመልጥ ሌላ ይጠብቀዋል፤ የቧንቧው ክሎሪን ስንጥብ ያቃጥላል፣ የጨውና የፒኤቹ ድንገተኛ ለውጥ የዓሣውን ገላ ያናጋዋል፣ በረኪናው ደግሞ ባክቴሪያዎቹን አጥፍቷቸዋል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የሚወጣውን አሞኒያ የሚቀበል የለም።

ስለዚህ የማዳን ሥራ የሚጀምረው ዓሣውን ባለመንካት ነው። ባለበት ይቆይ፣ መብራቱ ይጥፋ፣ ጨርቅ ጣል ይደረግበት። ምግብ ለአንድ ሁለት ቀን አይስጡት፤ ጎልድፊሽ ለዚያ ያህል ቢጾም ምንም አይሆንም፣ የሚበላው ሁሉ ግን አሞኒያ ሆኖ ይመለሳል። የአየር ፓምፕ ካለ በዝግታ ይከፈት። በኃይል ማንፈቅፈቅ አይበጅም፤ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንዴ ሲወጣ ፒኤቹ ይዘላልና። የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የፒኤች መለኪያ የሚገኝ ከሆነ መለካት ነው፤ ካልተገኘ ውሃው የከፋ ነው ብሎ መነሣት ይሻላል። ከዚያ በቀን አንድ አሥረኛውን ውሃ ብቻ መለወጥ፤ አዲሱን ውሃ ሙቀቱን ከገንዳው ጋር አስተካክሎ፣ በቀጭኑ ማፍሰስ። ፒኤቹ ተስተካክሎ ዓሣው ክንፉን ሲዘረጋ መጠኑን ከፍ ማድረግ ይቻላል። አሰልቺ ነው። ነገር ግን ሰው ዓሣ ሲያድን የሚሠራው ትልቁ ሥራ ይኸው ባልዲ መመላለስ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ ጠርሙስ አይተካውም።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ አንድ ቀን ቢያድር አብዛኛው ይተናል። ይህ ምክር ግን በሁሉም አገር አይሠራም። ዋሽንግተን ዲሲን የመሰሉ ከተሞች የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃቸውን የሚያክሙት በክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን ደግሞ ቢያድርም ቢሰነብትም በቀላሉ አይተንም። እዚያ የሚኖር አንባቢ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት ማስተካከያ መጠቀም ግድ ይለዋል፤ ክሎራሚን ሲፈርስ አሞኒያ ስለሚተርፍ፣ አሞኒያውንም የሚይዝ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

ከመድኃኒት ሁሉ እኔ የማስቀድመው ጨው ነው። የዓሣ ደም ከሚኖርበት ወንዝ ወይም ኩሬ ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ፣ ውሃ በስንጥቡ በኩል ሳያቋርጥ ወደ ገላው ይገባል። ኩላሊቱ ቀኑን ሙሉ ይህን ሲያስወጣ፣ ስንጥቡ ደግሞ የጠፋውን ጨው ሲለቅም ይውላል። ደካማ ዓሣ ይህ ይከብደዋል። በሊትር 1 ግራም ጨው፣ ለየብቻ ተበጥብጦ ቀስ ተብሎ ሲጨመር፣ ሸክሙን ያቀልለታል። ሌላም ጥቅም አለው። ናይትራይት ወደ ደም ሲገባ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል፣ ዓሣውም ኦክስጅን ሞልቶ እያለ ይታፈናል። ናይትራይት የሚገባው ክሎራይድ በሚገባበት በር ስለሆነ፣ ከጨው የሚመጣው ክሎራይድ ቦታውን ይሻማበታል። በአንጻሩ ከቤት የተረፈ የቴትራሳይክሊን ፍሬ ከፍቶ ውሃው ውስጥ መበተንን አልደግፍም። ክንፍ የሚያበሰብሱት እንደ ኤሮሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች በማንኛውም ገንዳ አሉ፤ የሚያሸንፉት ዓሣው ሲደክም ነው። አንቲባዮቲኩ ደግሞ ልናፈራቸው የምንለፋላቸውን ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ከባዶ ተነሥተው ገንዳ የሚችሉ እስኪሆኑ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ጤነኛ ገንዳ ካለው ጎረቤት ቁራሽ የፊልተር ስፖንጅ መለመን ጊዜውን በብዙ ያሳጥረዋል፤ በሽታ ይዞ እንዳይመጣ ግን ገንዳው በእርግጥ ጤነኛ መሆኑን ማየት ነው። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እንጂ በቧንቧ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። በ20 ዲግሪ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው ቢበዛ ወደ 7 ነው። በውጭ አገር መጽሐፍ «ለዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ» የሚለው ስሌት ስለዚህ እንዳለ አይወሰድም፤ ዓሣውን መቀነስ ወይም አየር መጨመር ያስፈልጋል። የከተማዋ ብርድ በበኩሉ ለጎልድፊሽ ይስማማዋል፣ ማሞቂያ አያሻውም፤ ቀዝቃዛ ውሃም ኦክስጅን ይበልጥ ይይዛል። ሁለተኛው መብራት መጥፋቱ ነው። ፊልተር ለሰዓታት ሲቆም፣ ውስጡ የታሸጉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አጥተው መሞት ይጀምራሉ። መብራት ሲመጣ ያ የታመቀ ውሃ ወደ ዓሣው እንዳይረጭ መጀመሪያ ፊልተሩን ከፍቶ በገንዳ ውሃ ማለቅለቅ ይበጃል። ጨለማው ከረዘመ በኩባያ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማንቆርቆር አየር ያስገባል፤ ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል።

ከሳምንታት በኋላ ብዙ ባለቤት የሚደነግጥበት ነገር ይመጣል፤ ዓሣው ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ይህ መልካም ምልክት ነው። በአሞኒያ የተቃጠለ ቆዳ ሲያገግም ጥቁር ቀለም ያላቸው ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይሄዳሉ፤ ሲሽር ቀስ እያለ ይደበዝዛል። የተበላ ክንፍ ሥሩ እስካለ ድረስ ዳግም ያድጋል፣ የረገፈ ቅርፊትም ይተካል። የደበዘዘው ብርቱካናማ ቀለም ብርሃንና ካሮቲን ያለው ምግብ ሲያገኝ ይመለሳል፤ ዓሣ ይህን ቀለም ከምግቡ ነው እንጂ ራሱ አይሠራውም። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፣ ምግቡ በቀጥታ አንጀት ይገባል፤ ስለዚህ በአንዴ ብዙ ከመስጠት በትንሽ በትንሹ ማብላት፣ ተቀቅሎ የተላጠ አተርም አልፎ አልፎ ጣል ማድረግ ይስማማዋል። የጎበጠ አከርካሪ ግን አይቃናም። በልጅነቱ ተጨቁኖ የቀጨጨ ዓሣም የሙሉ ዕድሜውን ቁመት ላያገኝ ይችላል። «ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል» የሚለው የተለመደ አባባል ያታልላል፤ እድገቱን የሚያቆመው በዋናነት የውሃው መበላሸት ነው፣ ይህም ጉዳት እንጂ ልክን ማወቅ አይደለም።

ደህና የተያዘ ተራ ጎልድፊሽ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ዕድሜውም ቢሆን ብዙዎች እንደሚገምቱት የወራት አይደለም፤ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1956 በባዛር ጨዋታ ሽልማት የተሰጠው ቲሽ የተባለው ጎልድፊሽ እስከ 1999 ድረስ፣ 43 ዓመት ኖሯል። እንግዲህ ጎልድፊሽ ብዙ ጊዜ የሚቀመጥበትን ክብ ብርጭቆ እናስበው። አፉ ጠባብ በመሆኑ እስከ አንገቱ ሲሞላ አየር የሚነካው ገጽታ ይጠብባል፤ ፊልተር የሚገባበት ቦታም የለውም። የሮም ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ዓሣን በክብ ብርጭቆ ማስቀመጥ ከልክሏል። ለእኔ ጥሩ ሕግ ነው። ያገገመ ዓሣ ተመልሶ ወደዚያ መግባት የለበትም፤ ባለ ፊልተር ሰፊ ገንዳ ወይም ግቢ ውስጥ ያለ ኩሬ ይፈልጋል።

ይህን የማይችል ሰው ለሚችል መስጠት ይችላል። ሐይቅ ወይም ወንዝ ወስዶ መልቀቅ ግን ከደግነት አይቆጠርም። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የበርንስቪል ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ከአንድ ሐይቅ እጅግ የገዘፉ ጎልድፊሾች ሲያወጣ ነዋሪዎቹን እባካችሁ አትልቀቁ ብሎ ለምኗል፤ ዓሦቹ ጭቃውን እየቆፈሩ ውሃውን ያደፈርሱታል፣ የውሃ ውስጥ ተክሎችንም ይነቅላሉ። የተለቀቀውም በተለቀቀበት አይቀመጥም፤ በምዕራብ አውስትራሊያ የቫስ ወንዝ የመርዶክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መከታተያ ካሰሩባቸው ጎልድፊሾች መካከል አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ230 ኪሎ ሜትር በላይ ዋኝቷል።